ጋሽ ይርሳውን የነከሰው የማንም ውሻ

የአገራችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ለማየት ትመጣላችሁ፣ ስትመጡ ውሻ ይነክሳችኋል፣ ሲነክሳችሁ «እዘሉን» ትላላችሁ። የራሳችን ተነካሽ መች አነሰንና!

ማዘል ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። እኛ አገር ሕግ ነው። ያንድ ሰው ውሻ ሌላውን ሰው ከነከሰ፣ የውሻው ባለቤት ለተነካሹ «እግር ይሆናል»። እግር መሆን ማለት በቃ ማዘል ነው። ተነካሹ ገበያ ካለ ገበያ፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ «ዝም ብዬ ንፋስ ልቀበል» ካለም ይዞት ወጥቶ ንፋስ ማስቀበል ነው፣ ቁስሉ እስኪድን። ሌላም መብት አለው። የመጮህ መብት አለው፤ በጮኸ ቁጥር የሰማ ሁሉ «እኔን!» ማለት አለበት። የማውራት መብትም አለው፤ እንዴት እንደተነከሰ ሲያወራ ማንም አያቋርጠውም። «ትናንት ነግረኸኛል» ብሎ ነገር የለም። ደጋግሞ ቢያወራው ደጋግሞ መስማት ነው፣ ያውም ከንፈር እየመጠጡ።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ግን ሕጉ በወጣ ማግስት ከከተማችን የውሻ ባለቤት የሚባል ሰው ድራሹ ጠፋ። ውሻው አለ። በየደጁ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይወፍራል። የጠፋው ባለቤቱ ነው።

«ይሄ ውሻ ያንተ ነው?»

«የማንም ነው።»

«ደጅህ ላይ ተኝቷል እኮ።»

«ደጄ ላይ ፀሐይም ተኝታለች። ፀሐይን እኔ ወለድኳት?»

እንዲህ እየተባባልን እንኖራለን። ማንም አልከፋውም። ጋሽ ይርሳው እስኪነከስ ድረስ።

ጋሽ ይርሳው ሥራው በር ማንኳኳት ነው። ይሄ ሥራ እናንተ ጋ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ጋ ሰው የሰው በር ራሱ አያንኳኳም፣ ነውር ነው። ወንፊት የሚዋስም፣ የተጣላ የሚታረቅም፣ ሚስት የሚጠይቅም መጀመሪያ ጋሽ ይርሳው ጋ ሄዶ «እዛ ቤት አንኳኳልኝ» ይለዋል። እሱ ከፊት፣ ባለጉዳዩ ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። ሲያንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። እሱም «እኔ ነኝ፣ ግን እኔ አይደለሁም» ይላል። በሩ ሲከፈት ዞር ይልና ባለጉዳዩን ያስገባል። ሌላው ቀርቶ ዕድሜው ገፍቶም አንቱ አይባልም። አንቱ የተባለ ሰው ደጅ ላይ አይቆምም፣ «ይግቡ፣ ይግቡ» ይባላል፣ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ከልጅ እስከ አዋቂ «ጋሽ ይርሳው፣ አንተ» ነው የሚለው። ሲያንኳኳ ግን እንዴት እንደሚያምርበት! ለለቅሶ ሌላ፣ ለእርቅ ሌላ፣ ለሠርግ ሌላ አመታት አለው። ሰው ጣቱን ሰምቶ ከውስጥ ነጠላውን ያስተካክላል።

እኔ አንሙት እባላለሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ ተመካክረን ተለያየን፣ እስከዛሬ ሁለታችንም አልቆጨንም። የጋሽ ይርሳውን ልጅ ትርንጎን ወደድኩ። ችግሩ፣ ትርንጎን ለመጠየቅ የአባቷ በር መንኳኳት አለበት፣ የሚያንኳኳው ደግሞ አባቷ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ቤት አንኳኳልኝ» አልኩት።

«የማን ቤት?»

«ያንተ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ሥራ ሥራ ነውና ተነሳ። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ቤቱ ሄድን፣ የገዛ በሩን አንኳኳ። ትርንጎ ከውስጥ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ግን እኔ አይደለሁም» አላት።

ከዚያ ገብቶ ጋቢውን ለበሰና መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ገና ዛሬ እንዳየኝ ሰው «ቤት ለእንግዳ። ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማኛል።

«ልጅህን ፈልጌ ነው ጋሼ።»

«ትምህርት የለህ። ሥራ የለህ። ያለህ ምላስ ነው።»

«ምላስም እኮ ሥጋ ነው ጋሼ፣ ቤት አይጎድልበትም።»

ሊቆጣ አስቦ ሳል አመለጠው። ሳል ይሁን ሳቅ እስከዛሬ አልተጣራም። ብቻ እሺ አለ፣ ቀኑም ተነገረ።

አሁን እዚህ ላይ ስለ ድልድዩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ከከተማችን በታች ወንዝ አለ፣ ወንዙ ላይ የገመድና የእንጨት ድልድይ አለ። የሙሽራ አባት ልጁን ይዞ ድልድዩን በእግሩ ካላሻገራት ጋብቻው ጋብቻ አይደለም። በበቅሎ አይሆንም። አጎት አይወክልም። ሙሽራው ማዶ ቆሞ ይጠብቃል፣ ድልድዩን በእግሩ ጫፍ እንኳ አይነካም። የተነገረው ቀን ፀሐይ ሳይሻገሩ ከጠለቀች በቃ፣ ያ ልጅ ያንን በር ሁለተኛ አያስንኳኳም። በሕግ የተሰጠ እግር ግን እንደ ራስ እግር ይቆጠራል። ይሄን ያዙልኝ።

ሠርጉ ሲቃረብ ጋሽ ይርሳው ሰው ሊጠራ በየቤቱ ዞረ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ደጅ ደረሰ። እሳቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴትዮ ናቸው። ደጃቸው ላይ አንድ ጆሮው የታጠፈ ነጭ ውሻ ተኝቷል። ጋሽ ይርሳው ገና በሠርግ አመታት ማንኳኳት ሲጀምር ውሻው ተነሳ፣ አየው፣ ባቱን በአፉ ያዘ፣ ትንሽ አሰበበትና ነከሰ።

ጋሽ ይርሳው ጮኸ። ከተማው በሙሉ «እኔን!» አለ።

ትርንጎ በሩጫ ደርሳ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ እንዲያ ስታጥበው፣ ከንክሻው ይልቅ ያስለቀሰው እጥበቱ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወስዳ የእብድ ውሻ መርፌውን አስወጋችው፣ ቀጠሮውንም አንድ ሳታስቀር። በሌላው ነገር ብንቀልድም በዚህ አገራችን አይቀልድም። ውሻውም ያብድ እንደሆን ተጠበቀ። አላበደም። እንዲያውም ከከተማው ጤነኛው እሱ ነው ተባለ።

ቁስሉ ግን አበጠ። ጋሽ ይርሳው እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው።

«ሠርጉስ ጋሼ?» አልኩት።

«ሠርጉማ በቀኑ ነው። ሕግ አለ አይደል እንዴ? የውሻው ባለቤት አዝሎ ያሻግረኛል። መብቴ ነው!»

«የውሻው ባለቤት ማነው?»

ጋሽ ይርሳው እግሩን አየ። ትርንጎ እኔን አየች፣ እኔ ጣራውን አየሁ።

ባለቤት ፍለጋ ወጣን። መውጣታችን ራሱ ጉድ ነበር። አንኳኪው ባለጉዳይ ሲሆን ማን ያንኳኳለት? እኔ አንኳኳሁ። ትከሻዬን ይዞ አንከስ አንከስ እያለ ከኋላዬ ቆሞ፣ ባንኳኳሁ ቁጥር ይነጫነጫል።

«በር አንኳኳ ነው እንጂ ስበር ማን አለህ? ጣትህን አለስልስ!»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከውስጥ «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ግን እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ኋላዬ ያለው ጋሽ ይርሳው ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ ነው የመጣው።»

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ውሻው አገጩን እግራቸው ላይ አጋድሞ ተኝቷል።

«ይሄ ውሻ የማነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የቱ ውሻ?»

«እግርዎ ላይ የተኛው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ውይ፣ ይሄ ነው? በርዶት ይሆናል።»

«ሳህኑስ?»

«ሳህኑማ የኔ ነው። ውስጡ ያለው ነው የኔ ያልሆነው።»

ወፍጮ ቤት ሄድን። ባለ ወፍጮው አቶ ቢሻው ከቤት ሲወጣ ያው ውሻ በአጥር ሾልኮ ቀድሞን ደርሶ ከኋላው ተከትሎታል። ሲቆም ይቆማል፣ ሲዞር ይዞራል።

«ተከተለህ እኮ» አለው ጋሽ ይርሳው።

«እኔን መሰለህ? ጥላዬን ነው የሚከተለው። ጥላዬ ላይ ክሰስ።»

እንዲህ እያለ ከተማው አለቀ። በየቤቱ አጥር ሥር ሳህን አለ፣ ባለ ሳህን የለም። ጋሽ ይርሳው በየቤቱ እንዴት እንደተነከሰ አወራ፣ መብቱ ነው፣ በየቤቱም ከንፈር ተመጠጠለት። ከንፈር ግን ድልድይ አያሻግርም።

ሲመለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመና በሩን በመዳፉ ዳበሰው። «ዕድሜ ልኬን ለሰው ሳንኳኳ» አለ፣ «ዛሬ ለራሴ ባንኳኳ ሰው ጠፋ።» ክንዱን ይዤ ደግፌ አስገባሁት።

በማግስቱ ክስ አቀረበ። የንክሻ ችሎት የሚያስችሉት እሜቴ አሰገደች ናቸው። የሚያስችሉት የድሮ በረት ውስጥ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እግራቸውን ሰብስበው ነው። ማንም ውሻ እንዳይደርስባቸው ነው ይባላል፣ ፍርዳቸው እንዳይዛባ። ከጎናቸው ባሻ ውድማጣስ ይቆማሉ። ባሻ የጅራት ምስክር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ እየዞሩ ጅራት ማየት ነው ሥራቸው። ውሻ ጅራቱን እየወዘወዘ ከነከሰ ንክሻ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፤ የተነከሰው ሰውዬ አጸፋውን መመለስ አለበት።

ሰው ሁሉ ግጥም ብሎ መጥቷል። ውሻውም በገመድ ታስሮ ቀርቧል፣ ያዛጋል።

«ባሻ» አሉ እሜቴ አሰገደች፣ «ጅራቱ ምን ያደርግ ነበር?»

«እሜቴ፣ ከመንከሱ በፊት ይወዛወዝ ነበር። ሲነክስ ቆመ። ነክሶ ሲያበቃ ደግሞ ቀጠለ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ ነክሶ፣ ደህና ሁን ብሎ ተለየው ማለት ነው።»

«እንግዲያስ መሀሉ ንክሻ ነው» አሉ። «ተቀብያለሁ። ይርሳው፣ እግርህ የት ነበር? ከበሩ ውስጥ ወይስ ውጭ?»

«አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ እሜቴ። አንኳኪ ነኝ።»

«የተነከሰው የትኛው ነው?»

«ሲነከስ የውስጡ ነበር። ሲያመኝ ግን ውጭ ወጥቷል።»

እሜቴ አሰገደች አሰቡ። «ሰው ግቢ ገብተሃል እንዳይባል ህመሙ ውጭ ነው። ደጅ ነው የተነከስከው እንዳይባል ጥርሱ ውስጥ ነው። ይሁን። ዓይኑን አፍጥጠህ አይተኸዋል? አስቆጥተኸዋል?»

«ምን ዓይኑን አያለሁ እሜቴ! ዓይኑ ያለው ባቴ ሥር ነው!»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

«መልካም። ተነክሰሃል። ይገባሃል። አሁን ባለቤቱ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጥፍራቸውን አዩ። አቶ ቢሻው ጥላውን አየ።

«ደግሜ እጠይቃለሁ። ይሄን ውሻ በስም የሚጠራው የለም?»

ሕጉ ላይ «ውሻን በስም ጠርቶ ውሻው ከመጣለት ባለቤቱ እሱ ነው» የሚል አለበት። ስለዚህ እኛ ከተማ በአደባባይ ስም ያለው ውሻ የለም። «ያ ነገር» ነው የምንለው።

«አንተስ አንሙት?» አሉኝ ድንገት። «ነገር በገባበት ሁሉ አትጠፋም።»

«እኔማ እሜቴ፣ እኛ ቤት ለውሻ የሚተርፍ ነገር የለም። ከማዕድ የሚተርፈው እኔ ነኝ።»

እሜቴ አሰገደች ተነፈሱ። «እንግዲህ ፍርዱ ይሄ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ የነከሰው ሰው እግር አይሰጠውም። ባለቤት የሌለው ውሻም ከተማ ውስጥ አይቀመጥም። ባሻ፣ ከተራራው ወዲያ ይዘውት ይሂዱ፣ እዚያ ይልቀቁት።»

ከተራራው ወዲያ ያለው ጅብ ብቻ ነው።

ጋሽ ይርሳው ጭንቅላቱን ያዘ። ትርንጎ ክንዴን ጨምድዳ ይዛዋለች፣ ጥፍሯ ገባ። ሠርጋችን በገመድ ታስሮ ሲጎተት ይታየኛል። ባሻ ገመዱን ሳብ አደረጉ። ውሻው የት እንደሚወስዱት አያውቅም፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ተከተላቸው። የሰው ሁሉ ፊት ጠቆረ፣ ግን አንድ እንኳ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔን ሰይጣን ጎነጠኝ።

«ባሻ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ቀስ ይበሉ እባክዎ፣ አይቸኩሉ። ጅቦቹ ምሳ አይበሉም አሉ፣ ለራት ነው የሚጠብቁት።»

ከዚያ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ጓዴ! ጓድዬ!» ብለው ጮሁ።

ውሻው ዞረ። ገመዱን ከባሻ እጅ አስለቅቆ በረረና ጉልበታቸው ላይ ወጣ።

«እንዴ፣ ምን ጓዴ!» አለ አቶ ቢሻው፣ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት። «ዱቄት! ና፣ ዱቄት!» ውሻው እሱም ጋ ሄደ። ከዛ ማን ይያዘው? ከወዲህ አንዱ «ለምለም!» ይላል፣ ከወዲያ ሌላው «ሹሜ!» ይላል፣ አንዷ ሴትዮ «ማሙሽ!» ትላለች፣ አንዱ ሰውዬ «ኮሎኔል!» ይላል። ውሻው ለሁሉም ይደርሳል፣ ሁሉንም ይልሳል፣ ምላሱ ወጥቶ አንድ ክንድ ሆነ። ባሻ ውድማጣስ ገመዱን እያዩ «እኔስ ነጭ ጅራት ነበር የምለው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ይባስ ብሎ ከላይ፣ ከወንበሩ ላይ፣ በቀጭን ድምፅ «ልዑል…» ተባለ። ውሻው ወደ ላይ ዘለለ፣ የእሜቴ አሰገደችን የተሰበሰበ እግር ላሰ።

በመጨረሻ ጋሽ ይርሳው ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት እያየ «መኩሪያ» አለ።

ውሻው ሄዶ የነከሰውን እግር አሽትቶ ሥሩ ተኛ።

«አንተም?!» አለች ትርንጎ። «አባዬ!»

«ምን ላድርግ? በሄድኩበት በር ሁሉ ላይ የማገኘው እሱን ነው። ኪሴ ውስጥ ዳቦ እይዝለት ነበር።» ባቱን አሸት አሸት አደረገ። «ያን ቀን የሠርጉ ነገር አዋክቦኝ ረሳሁ።»

እሜቴ አሰገደች ለመቆጣት ሞክረው ፊታቸው እምቢ አላቸው። «በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ሁላችንም ባለቤት ነን። ሁላችንም እግር ነን። በሠርጉ ቀን ሁሉም በየደጁ ይጠብቀው፣ ከደጁ እስከ ጎረቤቱ ደጅ ይዘለው። ውሻው ይቀመጣል።» እልልታው ሲበርድ ጣታቸውን አነሱ። «አንተ ይርሳው ግን ባለቤትም ነህ። ለራስህም እግር ነህ። ያንተ ድርሻ ድልድዩ ነው።»

«ድልድዩን?» አለ ጋሽ ይርሳው። «በዚህ እግር?»

«ሕግ ነው። ዳቦውን ስታጎርስ አስበህበት ነበር?»

የሠርጉ ቀን እኔ ማዶ ቆሜያለሁ። ከተማችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነች ከማዶ ሆነህ ሁሉም ይታይሃል፤ ያልሰማሁትን ደግሞ ትርንጎ ነግራኛለች። ጋሽ ይርሳው ነጭ በነጭ ለብሶ ከቤቱ ወጣ። የመጀመሪያው ጎረቤት ደጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀዋል። አዘለው። ቀጥሎ ያለው ተቀበለው። ከጀርባ ወደ ጀርባ እያለ እንደ እንስራ ተቀባበሉት። አቶ ቢሻው ሲያዝለው ነጭ ልብሱ ላይ ዱቄት አራገፈበት፣ ማንም አላወቀበትም። ወይዘሮ ፈትለወርቅ «ሆድህን ወደ ውስጥ ሳብ!» እያሉ ወሰዱት። እሜቴ አሰገደች ጀርባቸውን ሲሰጡት «ኧረ ይቅር እሜቴ፣ ነውር ነው» ቢላቸው «ውጣ! ሕግ ነው!» አሉት። እሳቸው ያዝሉት፣ እሱ እሳቸውን ይጎትት፣ አልተለየም፤ ሁለቱም ግን ደረሱ።

እና ትርንጎ እንዳለችው፣ ጋሽ ይርሳው እየታዘለ ያለቅስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያንኳኳቸው በሮች ሁሉ ዛሬ ሳያንኳኳ ተከፍተው ሰው ጎንበስ ብሎ ይጠብቀዋል። «አንድ በር አላንኳኳሁም» ይላል፣ «አንድ!»

ድልድዩ ጋ አወረዱት። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ከዘራውን ያዘ፣ የትርንጎን እጅ ያዘ፣ ገባ። እያነከሰ፣ ገመዱን እየጨበጠ፣ እየቆመ፣ እየተነፈሰ መሀል ደረሰ። መሀል ላይ እግሩ እምቢ አለ።

«ጋሼ! ደረስክ እኮ!» አልኩ ከወዲህ።

«ዝም በል!»

«ትንሽ ናት የቀረችው!»

«ለምላስህ ነው ትንሽ! ለእግሬ አገር ያክላል!»

ከተማው ከወዲያ ተኮልኩሎ ያያል። ሁሉም ድርሻውን ጨርሷል፣ ማንም ሊገባለት አይችልም። እኔ ደግሞ ድልድዩን መንካት አልችልም፣ ብችልም የውሻው ባለቤት አይደለሁም። ጋሽ ይርሳው እንጨቱ ላይ ቁጭ ሊል ጉልበቱን አጠፍ አደረገ። ከተቀመጠ እንደማይነሳ እኔም፣ እሱም፣ ከወዲያ ያለውም ሁሉ ያውቃል። ፀሐይዋ ተራራውን ነካች።

«አንሙት!» አለች ትርንጎ። «አንድ ነገር አድርግ!»

ውሻው ከወዲያ ሰው መሀል ተቀምጦ እኛን ያያል። ሰው ሁሉ ስም አውጥቶለታል፣ ከእኔ በቀር። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ።

«ይርሳው!» ብዬ ጮህኩ። «ና! ይርሳው! ና ልጄ!»

ጋሽ ይርሳው ያጠፈውን ጉልበት ቀስ ብሎ ዘረጋ።

«ምን አልክ?»

«አንተን አይደለም ጋሼ፣ ውሻውን ነው! ዛሬ ስም አወጣሁለት። ይርሳው! ና፣ አጥንት አለ! ጎበዝ፣ ይርሳው!»

ትርንጎ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«የኔን ስም? ለውሻ?» አለ። ከዘራውን ከመሬት አነሳው። «የአባቴ አባት ያወጣልኝን ስም! አንተ ባለጌ፣ አንተ ያልተገራህ! ቆይ!»

መጣ። ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። እሱ ከፊት፣ ጋቢውን የያዘች ትርንጎ ከኋላ፣ ውሻው ከሁለቱ ኋላ፣ ጆሮው እየተርገፈገፈ መጡ። «ቆይ! እዛው ቁም! ይርሳው ማን እንደሆነ አሳይሃለሁ!» እያለ እያንዳንዱን እንጨት ረግጦ መጣ። አልሸሸሁም። እንዴት ብዬ እሸሻለሁ? ደረሰና በከዘራው ትከሻዬ ላይ አንድ ጊዜ አቀመሰኝ፣ ያውም እንደ ሠርግ አመታት አይደለም። ሁለተኛውን ሊደግም ሲያነሳ ከወዲያ እልልታው ቀለጠ።

ከዘራውን እንዳነሳ ቀረ። ዞሮ ድልድዩን አየ። እግሩን አየ። ትርንጎን አየ፣ ቬሏ ተንሻፎ፣ በእንባና በሳቅ መሀል ሆና ማዶ ቆማለች፣ እኔ ጎን።

ያኔ እግሩ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከዳውና ደረቴ ላይ ወደቀ። ያዝኩት። ውሻው እጄን ላሰ። ከወዲያ እሜቴ አሰገደች ሲጮሁ ይሰማል፦ «ጠራው፣ መጣለት! አንሙትም ባለቤት ነው! አንሙትም እግር ነው!»

ጎንበስ አልኩለት። ትንሽ ተግደረደረና ጀርባዬ ላይ ወጣ። ዳሱ ከወንዙ ራቅ ያለ ነው፤ ትርንጎ በአንድ ጎኔ፣ ውሻው በሌላው ጎኔ ሆነን አቀበቱን ጀመርን። የጋሽ ይርሳው ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ያንን ስም ቀይር» አለኝ በኋላ።

«እሺ ጋሼ። ማን ልበለው?»

አሰበ። ውሻውን ከላይ ቁልቁል አየው። ውሻውም ቀና ብሎ አየው። ዳሱ ደጃፍ ደርሰን ከበሮው ሲሰማ ገና እያሰበ ነበር።

«ተወው በቃ» አለ። «ስትጠራው ግን ጋሽ ጨምርበት።»